ያልቀየርኩት የክርስትና ስም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። አሁን ለእናንተ ስናገርም ከየት እንደምጀምር ግራ ይገባኛል።

ቢቸና ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። እህት የንጉሥ ትእዛዝ ጥሳ ወንድሟን የምትቀብርበትን የጥንት ግሪኮች ትራጄዲ ወደ እኛ አገር አምጥቼ ልቦለድ ላደርገው ዓመታት ታገልኩ። ንጉሡ አልመጣልኝ አለ። ይህንኑ ግቢያችን ተከራይታ ለነበረችው ነርስ፣ ለጥሩወርቅ ሳጫውታት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ጋሼ፣ እኔም ቀብሬያለሁ» አለችኝ።

የሞጣ ልጅ ናት። ወንድሟ የአጎቱን ልጅ ገድሎ ሸሸ። አባቷ መሪጌታ «ሬሳው እንኳ አጥቢያችን እንዳይገባ» ብለው ገዘቱ። ወንድሟ ቆላ ወርዶ ታሞ ሲሞት አስከሬኑን እዚያው አጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን አምጥታ፣ አባቷ ግንደወይን ገበያ በዋሉበት ቀን፣ «ዘመድ የሌለው በሽተኛዬ ነው» ብላ አስቀበረችው። ቄሱ የፈቱት በክርስትና ስሙ ነው፤ ፍሬ ሰንበት። ያን ስም ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

«ለማንም እንዳታወራ» አለችኝ። ማልኩላት።

ከዚያ ጻፍኩት። የእሷን ስም ቀየርኩ፤ አገሩን ቀየርኩ፤ የአባቷን ሙያ ቀየርኩ። ፍሬ ሰንበትን ግን ተውኩት። ሌላ ስም ጽፌ ነበር፤ እኔው ሰረዝኩት። ለምን? ስሙ ስላማረኝ? ወይስ አባትየው እንዲያውቁ ፈልጌ? እኔም አላውቀው።

መጽሐፉ ሞጣ ደረሰ። የመሪጌታ ዓይን ደክሞ ነበርና የልጅ ልጃቸው አነበበችላቸው። ስሙ ላይ ስትደርስ አስቆሟት። ያኔ ሞጣ ተዛውራ የነበረችውን ጥሩወርቅን አስጠሩ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ከዚያ ወዲያ አላናገሯትም። ግን እስኪሞቱ ድረስ በየማለዳው የልጃቸው መቃብር ዘንድ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ታዲያ ምን አደረግሁ? ለሟቹ አባቱን መለስኩለት፤ ከቋሚዋ ነጠቅኩ። ይህ ምን ይባላል? በደል ነው እላለሁ፤ እሳቸውን መቃብሩ ዳር ሳስብ ደግሞ ሐሳቤ ይበተናል።

ጥሩወርቅ አንድ ቀን ደወለች።

«ስሙን ለምን ተውከው፣ ጋሼ?»

«ረሳሁት» አልኳት።

«እንግዲህ ሰው ነህ፣ ትረሳለህ» ብላ አጽናናችኝ። እኔን!

አልረሳሁም። ልነግራት ሁለት ጊዜ ሞጣ ድረስ ሄድኩ። ሁለቱንም ጊዜ ምሳ አቀረበችልኝ። በላሁ፤ አልተናገርኩም፤ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም። የበደልኩት እናንተን አይደለም።