አየር ላይ መርዶ የለም

ጋሼ ዱባለ ሸማ ተራ ውስጥ ጋቢና ነጠላ ይሸጣሉ። የእድራችን መርዶ ነጋሪም እሳቸው ናቸው። ማንም አልመረጣቸውም፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ስለሆነ ሥራው ራሱ መጥቶ ላያቸው ላይ ተቀመጠ። በእሳቸው ደንብ መርዶ የሚነገረው ሲነጋጋ፣ ቤት ውስጥ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። በስልክ መርዶ መንገር ለእሳቸው ነውር ነው።

አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ግን ደንበኞቻቸው ዱባይና ቻይና፣ ጓንዡ ስለሚመላለሱ የበረራውን ሰዓት ይዘውታል።

"ዱባይ አራት ሰዓት ናት፤ ለመርዶ አትመችም" ይላሉ። "ለቀስተኛ ሳይሰበሰብ ሰውየው ይደርሳል። ጓንዡ ግን ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሥር ሰዓት ከምናምን ስልክ ዝግ ነው። አየር ላይ መርዶ የለም።"

ባለቤቴ ወለተ ማርያም ስታርፍ ልጃችን ሳምራዊት ጨርቅ ልትገዛ ጓንዡ ሄዳ ነበር። ከቀብር መልስ ጋሼ ዱባለ ጎኔ ቁጭ አሉ።

"ይሄይስ፣ ልጅቷ ሰው አገር፣ ሆቴል ውስጥ ብቻዋን እንድትሰማ ትፈልጋለህ?"

"አልፈልግም።"

"እንግዲያው ማታ ደውልና እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ነይ በላት። ሌላውን ለእኔ ተወው።"

ከዚያ ምስጢሩ እንዳይወጣ ሸማ ተራን ሱቅ በሱቅ ዞረው "ለሳምራዊት እንዳትነግሩ" አሉ። ያልሰማም በዚሁ ሰማ።

ማታ ደወልኩ።

"ምኗን ነው ያመማት?" አለች።

"ጉንፋን ነው።"

"እሺ አባዬ። አንተስ እህል ቀመስክ?" አለችኝ።

በምትገባበት ዕለት ማለዳ፣ ከሩቅ እንዳታይ ብለው ጋሼ ዱባለ ድንኳኑን አስፈረሱ። ለቀስተኛውን ጎረቤታችን ሐጀራ ግቢ ከተቱት። ሐጀራ ሱቋም ከሳቸው ሱቅ አጠገብ ነው።

"ሳል ቢመጣብኝስ?" አለቻቸው።

"ዋጪው።"

ሳምራዊት ገባች። ወትሮ ሦስት ሻንጣ የምትጎትት ልጅ አንዲት የእጅ ቦርሳ ብቻ ይዛለች። ጋሼ ዱባለ አስቀመጧትና እጇን ይዘው፣ በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው ነገሯት። ጮኸች። ለቀስተኛው ከሐጀራ ግቢ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሁሉም በደንቡ ሆነ።

ሰው ጋብ ሲል የእናቷን ጥቁር ነጠላ ከጓዳ ላመጣላት ተነሳሁ። እሷ ግን ቦርሳዋን ከፍታ ሌላ ጥቁር ነጠላ አወጣች። የጓንዡ ፋብሪካ ሥራ ነው፤ ቻይንኛ የተጻፈበት ወረቀቱ እንኳ ገና አልተላጠም።

"ማን ነገረሽ?" አልኳት ቀስ ብዬ።

"ሐጀራ። 'አላህ ያጽናሽ፤ ጋሼ ዱባለ እንዳትነግሪያት ብለውኛል' አለችኝ። አንተ ከመደወልህ በፊት ነው።"

"ታዲያ ስደውል ለምን ዝም አልሽ?"

"ጉንፋን ነው አልከኝ። ምን ልበል?"

"አውሮፕላን ላይስ አላለቀስሽም?"

"አጠገቤ ያለው ሰውዬ ተኝቶ ነበር። መቀስቀስ ከበደኝ።"

ጋሼ ዱባለ ወደ እኛ መጡ። ፊታቸው ደክሟል፤ ልባቸው ግን ያረፈ ይመስላል።

"አየህ ይሄይስ፣ ያን ሁሉ መንገድ ሳታለቅስ መጣች።"

"እውነትዎን ነው ጋሼ" አልኳቸው።

ሳምራዊት የነጠላውን ወረቀት ላጠችና እጇ ውስጥ ጨበጠችው።