ጋራዥ ስትገባ ዝም የምትለው ሚኒባስ

እትዬ ዝግታ የሚሏት ሚኒባሷን ከአርባ በላይ ነድታ ስለማታውቅ ነው። ስሙን ያወጡላት ከኋላዋ ተሰልፈው ጡሩምባ ሲያንባርቁባት የከረሙ ሾፌሮች ናቸው፤ እሷም ቅር አላላትም። «የጫንኩት ድንች አይደለም፣ የሰው ልጅ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው። አሥራ አንድ ሕፃናትን ጠዋት ከየደጃፋቸው ለቅማ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ከሰዓት መልሳ ለየእናቶቻቸው ታስረክባለች።

ሾፌር ሆና አልተወለደችም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መሥሪያ ቤት ተቀምጣ የሰው ደብዳቤ ስትተይብ ኖራ፣ ኮምፒውተር መጣና በቃሽ ተባለች። በአርባ ስድስት ዓመቷ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ በስንብት ገንዘቧም በዕድሜ ከእሷ እምብዛም የማታንስ ሚኒባስ ገዛች። ታላቅ ወንድሟ ያን ጊዜ ያላለው የለም። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ዳይሬክተርነቱ ግን አብሮት ጡረታ አልወጣም። ዘንድሮማ ብሶበታል። «ይህን ቆርቆሮ ሽጪና እኔ ጋ ግቢ። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ምን ጎድሎሽ በየመንገዱ ትንከራተቻለሽ?» ይላታል፣ በሳምንት ሁለቴ፣ እንደታዘዘ መድኃኒት። እሷ ደግሞ የራሷን በር በራሷ ቁልፍ መክፈት የለመደች ሰው ናት። «እሺ ጋሼ፣ ይታሰብበታል» ትልና አታስብበትም።

ሰኞ ማለዳ ቁልፉን ስታዞር ጉድ ፈላ። ሚኒባሷ ተረረረረ ብላ ስትጮህ የጎረቤት መስኮት ሁሉ ተከፈተ። ደንግጣ አጠፋቻት፤ እንደገና አስነሳቻት፤ ያው ነው። ልጆቹማ ጨዋታ መስሏቸው «ድገሚው! ድገሚው!» እያሉ አበዱ። አራተኛው ልጅ ቤት ስትደርስ ግን ጩኸቱ እየሳሳ እየሳሳ ጠፋ። ልጆቹን አድርሳ በቀጥታ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ ጆሮውን አስጠግቶ አደመጠ። ሞተሩ እንደ ጨዋ ልጅ ጸጥ ብሎ ይሠራል።

«እትዬ፣ ምኗን ነው ያመማት?»

«ስትጮህ ነበር እኮ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«እንግዲህ እኔን ስታይ ፈራች» ብሎ ሳቀባት።

ማክሰኞም ያው ሆነ። በዚህ ቀን ግን ወንድሟ በማለዳ ሊመክራት መጥቶ ጩኸቱን በገዛ ጆሮው ሰማ። መፍረድ መቼ ያቅተዋል! «ሞተሩ አለቀለት! ከእንግዲህ ይቺ መኪና አይደለችም፣ ሬሳ ናት» አለ። እሷ ድምፁን በስልኳ ቀድታ ለመካኒኩ አሰማችው። በስልክ የተቀዳ ነገር ደግሞ ሁሉም የቆርቆሮ ድምፅ ነው ያለው። መካኒኩ ፊቱ ዳመነ።

«ይሄስ ቢየላ ይመስላል። ፒስተኑን የሚገፋው ብረት ላልቶ ይሆናል። ከሆነ ሞተሩ ወርዶ መፈታት አለበት፤ ለዚህች መኪና ደግሞ አያዋጣሽም። ለማንኛውም ዛሬ እዚህ ትደርና ጠዋት ራሴ ልስማት።»

ወንድሟ እስከ ጠዋት መች ይጠብቃል! የዚያኑ ዕለት ደውሎ ገዢ ማግኘቱን፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ ይዞት እንደሚመጣ ነገራት። ስልኩን ስትዘጋ እንባዋ መጣ። መኪናዋ ከሄደች ሥራዋ ሄደ፤ ሥራዋ ከሄደ ቤቷም ሄደ። ከዚያ ወዲያ የወንድም እንግዳ ሆኖ መኖር ነው፤ ለእሷ ይህ ከሞት ብዙም አይሻልም።

ረቡዕ ልጆቹን ሌላ ሾፌር ጓደኛዋ ወሰደችላትና እሷ በጠዋት ጋራዥ ተገኘች። መካኒኩ የሥራ ልብሱን እየቆለፈ መጥቶ አስነሳት። ጸጥ። አጥፍቶ ደገመ። ጸጥ።

«ምን ልበልሽ እትዬ? ስልኩን ስሰማ ቢየላ ነው፤ እሷን ስሰማ ደህና ናት። ደህና ናት ብዬሽ ከነልጆቹ መንገድ ላይ ብትቆሚስ? ገዢ ካለ ሽጫት።»

እግሯን እየጎተተች ስትወጣ ዘበኛው በሩ ላይ ብርድ ልብሱን ያጥፋል። ሌላው ደንበኛ ዘበኛውን ከበሩ መቀርቀሪያ ለይቶ አያየውም፤ እሷ ግን ሐዘን ላይም ሆና የሰው ጤና ሳትጠይቅ አታልፍም።

«እንዴት አደሩ አባባ?»

«ይመስገን። ያቺ ጩኸታም መኪናሽ ተሻላት?»

እትዬ ዝግታ ባለችበት ቀጥ አለች። «ጩኸታም? እርስዎ ሰምተዋታል?»

«ምን ማለትሽ ነው? ማለዳ ማለዳ መኪኖቹን ሁሉ አስነስቼ ወደ ጥግ የማስጠጋው እኔ አይደለሁ? ግቢው ይጠባል። መካኒኮቹ ሲመጡ ሞቀው ይጠብቋቸው ብዬም ትንሽ አቆያቸዋለሁ። ያንቺዋማ ሰፈሩን ቀሰቀሰችው! ስትሞቅ ዝም አለች እንጂ። ጭሱ ደግሞ ከኋላ ብቻ አይደለም፣ ፊት ወንበሩ ላይም ሸቶኛል።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሯቸው?»

«ማን ጠየቀኝ?»

መካኒኩን እጁን ይዛ ጎትታ አመጣችው። ሰምቶ ሲጨርስ ግንባሩን መታ። «አባባ! እኛ እኮ በሽተኛውን ከዳነ በኋላ ነው ስንመረምር የከረምነው!» በዚያ ቀን ሚኒባሷን እዚያው አሳደረቻት፤ ማለዳ ማንም አስነስቶ እንዳያሞቃት ግን ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች።

ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ እሷ፣ መካኒኩና ዘበኛው ሦስት ሆነው ሚኒባሷን ከበቧት። መካኒኩ የፊት ወንበሩን ገልብጦ ሞተሩን በመዳፉ ነካው፤ ቀዝቅዟል። «አስነሺ!» አለ። ተረረረረ! እትዬ ዝግታ በሕይወቷ በጩኸት እንዲህ ተደስታ አታውቅም። መካኒኩ መዳፉን ሞተሩ ጎን ቀስ አድርጎ ሲያሳልፍ፣ ጭስ ማውጫው ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ሲደርስ እጁን ሰበሰበ። «ነፋኝ! አባባ፣ ይምጡ ይዩት!» ዙሪያው ጥላሸት ለብሷል፤ አንዱ ብሎን ተበጥሷል፤ መሀል ገብቶ የሚያሽገው ጋስኬትም ተቃጥሏል። ጭሱ በዚያች ክፍተት ሾልኮ ሲወጣ ነው ያን ሁሉ ጩኸት የሚያሰማው። ብረቱ ሲሞቅ ያብጥና ክፍተቱን ይዘጋዋል፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይከፈታል።

«ቢየላውስ?» አለች።

«የምን ቢየላ! ቢየላ ሲሞቅ ይብስበታል እንጂ አይተውም። ተሳስቻለሁ እትዬ። በኔ አፍ መኪናሽን ልታጪ ነበር።»

የተበጠሰው ብሎን አልወጣም ብሎ አስቸገረ፤ ብዙ ተረገመ፤ ረፋዱ ላይ ወጣ። አዲሱ ተገጥሞ ሳያልቅ ወንድሟ ገዢውን አስከትሎ ከተፍ አለ።

«ጋሼ፣ አልሸጥም። አንድ ብሎንና አንድ ጋስኬት ነው።»

ገዢው ጎማዋን በጫማው ነካ ነካ አድርጎ ሄደ። ወንድሟ ግን በዚያ ንጹሕ ሱሪው የዘይት በርሜል ላይ ዘጭ አለ።

«ምነው ጋሼ? ሞተሩ ደህና ነው እያልኩህ!»

«ሞተሩን ተይው» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል። ጠዋት ልብሴን ለብሼ የምሄድበት የለኝም። ትመጪልኛለሽ ብዬ ነበር።»

ዓመት ሙሉ ስትሸሸው የከረመችው ትእዛዝ ለካ ልመና ኖሯል። አንጀቷን በላት፤ በራሷም አፈረች።

«ታዲያ እንዲህ አትለኝም ነበር? ሞተር አለቀ ትለኛለህ?» ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «እኔ አንተ ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ማየት አልችልበትም። ግን በር የሚከፍት፣ ልጆች የሚያወርድ ረዳት ያስፈልገኛል። ዳይሬክተር ቢሆንም ግድ የለኝም፣ አለማምደዋለሁ።»

«እኔ? ረዳት?»

«ምነው፣ አነሰህ?»

ሱሪውን እያራገፈ ተነስቶ ሄደ። ዓርብ ማለዳ ግን ክራቫቱን አስሮ ከእሷ ቀድሞ ሚኒባሷ አጠገብ ቆሟል። መጀመሪያ የገባችው ትንሽ ልጅ ከታች እስከ ላይ አየችውና «አባባ፣ ቁጭ ካላልክ እኮ እትዬ አትነዳም» አለችው። አርባ ዓመት ተማሪ ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው ታዞ ቁጭ አለ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አሥራ አንዱንም እጅ እጃቸውን ይዞ አወረደ፤ ቆጠራቸው፤ አላመነም፣ ደግሞ ቆጠራቸው። ሲመለሱ ክራቫቱን አላላና ሰዓቱን አየ።

«ከሰዓት በስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?» አላት።