ሳህኑን አትንካው

ሀዋሳ በጋሪ ትሄድ በነበረበት ጊዜ የፍቅሬን እጅ የማያውቅ አልነበረም። ስሙን የማያውቁት እንኳ ሥራውን ያውቁታል። በጋሪው ጀርባ ቀይ ጽጌረዳ፣ በጎንና ጎኑ ቢጫና አረንጓዴ ሐረግ፣ በቸርኬው ላይ ደግሞ ጎማው ሲሽከረከር እንደ አበባ የሚፈካ ነጭ ነጠብጣብ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ የፈረሶቹ ቃጭል ሲሰማ ቀና ብዬ የማየው ያንን ቀለም ነበር። ቃጭሉ ዛሬም አንዳንዴ ጆሮዬ ላይ ይመጣል፤ መንገዱ ግን ሌላ መንገድ ሆኗል።

ለመምህርነት ወደ ከተማዋ ስመጣ የተከራየሁት ክፍል ፍቅሬና ባለቤቱ ፅጌ በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ነበር። ፍቅሬ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምታ የሚወድ ሰው ነው። እሱ የተወውን ሁሉ ፅጌ ትናገርለታለች።

በሥራው አንድ ሕግ ነበረው፤ ባዶ ብረት አይተውም። ሕጉን ያወጡት ባለጋሪዎቹ ናቸው። ጋሪ ተቀብቶ ሲያልቅ ባለቤቱ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ከላይ እስከ ታች ያስኬዳል፤ ከመቀመጫው ሥር፣ ከጎማው በስተውስጥ፣ እጅ በማይገባበት ሁሉ። ጣቱ ቀለም ያልነካው ቀዝቃዛ ብረት ካገኘ ፈረሱን አይጠምድም። ከሁሉም የሚብሰው ሞገስ የሚባለው ባለጋሪ ነበር። «ፍቅሬ፣ እዚህ ጋ ራቁቷን ናት!» ብሎ ይጮሃል፤ ፍቅሬም ብሩሹን ያነሳል። በዚህ ዓይነት ሃያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀር ባጃጅ መጣ።

ጋሪዎቹ መጀመሪያ ከአስፋልቱ ወጡ፤ ቀጥለው ከውስጥ ለውስጥ መንገዱም ጠፉ። ሞገስ ፈረሱን ሸጦ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። ባጃጅ ደግሞ ከፋብሪካው ተቀብቶ ነው የሚመጣው። የፍቅሬ ብሩሾች ቲነሩ በደረቀበት ቆርቆሮ ውስጥ እንደ ቆሙ ከረሙ።

ዲላ የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ጉልላት የቡና መጋዘን ነበረውና የጥበቃ ሥራ ያዘለት። ቁርጥ ያለ መልእክትም ላከ፤ የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሰኞ አይሱዙውን ይዞ ይመጣል፣ ዕቃቸውን ጭኖ ይወስዳቸዋል። ከዚያ ካለፈ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ፅጌ የተወለደችው ሀዋሳ ነው፤ እድሯም፣ ቤተ ክርስቲያኗም፣ የምትጣላቸው ጎረቤቶቿም እዚሁ ናቸው። ፍቅሬ አንድ ቀን ብቻ፣ በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ መዳፉን እያየ፣ «መምህር፣ ይሄ እጅ ዱላ ሲይዝ ምን ይመስል ይሆን?» አለኝ።

እስራኤል የመጣው በሕማማቱ ሳምንት ነው። መሃል ከተማ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያለው ወጣት ነው፤ እህቱ ሃሴት ለዳግማይ ትንሣኤ ልትዳር ነው፤ ሙሽራዋ የምትሳፈረው የእሱ ነጭ ኮሮላ ላይ ነው።

«ጋሽ ፍቅሬ፣ አንድ ነገር ይቀቡልኛል?»

«መኪናውን?»

«መብራቱን። የፊት መብራቱን ውስጥ። አዲስ አበባ አንድ መኪና አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። ከመስታወቱ ኋላ ያለውን ክፍል ቀለም ቀብተውት፣ መኪናው ሰው ነው የሚመስለው። የሚዜዎቹ ቀሚስ ሰማያዊ ነው፤ እሱን ይምሰልልኝ።»

ፅጌ ከማድቤቱ በር ላይ ሆና ሳቀች። «መኪናም ይኳላል እንዴ?»

«ሙሽራዋ እየተኳለች መኪናው ለምን ይቅርበት፣ እትዬ ፅጌ?»

ፍቅሬ አልሳቀም። ተነሥቶ ኮሮላው ፊት ተንበረከከና በመስታወቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ብሩሾቹን ከቆርቆሮው አውጥቶ አዲስ ቲነር ውስጥ ነከራቸው። ፅጌ ያንን ስታይ ሳቋን አቆመች። ይህ ሥራ ከሆነለት ሌላም መኪና ይመጣል፤ ካልሆነ አይሱዙው ይመጣል። ሁላችንም ገብቶናል።

የመብራቱ መስታወት በማስቲሽ የተጣበቀ ስለሆነ ካልሞቀ አይለቅም። ፅጌ ለድግስና ለለቅሶ የሚወጣውን የእድሩን ጎላ ድስት ተውሳ ውሃ አፈላች፤ ፍቅሬም መብራቶቹን በየተራ እንፋሎቱ ላይ እያገላበጠ ጠርዙን በካቻቢቴ ቀስ ብሎ ፈለቀቀው። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ወይዘሮ ማርያማዊት ድስቱን ልታይ መጥታ በሩ ላይ ቀረች።

«ምነው ፅጌ! በእድሩ ድስት መኪና ትቀቅሉበታላችሁ?»

«ጠንካራ ሥጋ ነው ወይዘሮ ማርያማዊት፣ ትንሽ ይቆያል።»

የመብራቱ ውስጥ ሁለት ነገር ነው። አምፖሉ የሚገባበት እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሳህን አለ፤ በዙሪያው ደግሞ ጠርዝ። ፍቅሬ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ ቀባው። ጠርዙንም፣ ሳህኑንም፣ የብሎኑን ቀዳዳ ሳይቀር። አንድ ፍንጣቂ ባዶ ቦታ አልተወም። ሲጨርስ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን አስኬደበት፤ እንደ ሞገስ።

ፋሲካ አልፎ ሐሙስ ፀሐይ ስትጠልቅ እስራኤል መጣና መብራቶቹን ገጠሙ። መስታወቱ ጠርቷል፤ ከኋላው ያለው ሰማያዊ ከሐይቁ የተቀዳ ይመስላል። እስራኤል እጁን አጨበጨበ። ከዚያ ገብቶ መብራቱን አበራው።

የግቢው ቆርቆሮ አጥር ላይ ምንም አልታየም። ወርዶ አጥሩን አየ፣ መብራቱን አየ። አምፖሉ በርቷል፤ ብርሃኑ ግን ከመስታወቱ ሳይወጣ እዚያው ውስጥ ይሞታል።

«ጋሽ ፍቅሬ፣ ይሄ እኮ የልደት ሻማ ነው!»

ማንም አልሳቀም። ፍቅሬ መብራቶቹን ፈታና ሳህኑን በቲነር ማጠብ ጀመረ። ሰማያዊው ወጣ፤ አብሮት ግን የሚያብለጨልጨውም ልብስ ተላጠ። ከሥሩ የቀረው ግራጫ ፕላስቲክ ነው። እስራኤል «ይሁን፣ በቀን ነው የምንሄደው» አለ ለማጽናናት፤ ድምፁ ግን አላመነበትም። የወንዱ ወገኖች የሚያመጡት መኪና አዲስ እንደሆነ ለሁላችንም ነግሮን ነበር።

እሱ ሲሄድ ፍቅሬ ጨርቁን ጣለ። «ፅጌ፣ ዕቃ ማሰር ጀምሪ።»

«ገመድ የለኝም» አለች።

«ተዋሺያ።»

«ድስት ተውሼልሃለሁ፤ ገመድ አልዋስልህም። ነገ ሱሌይማን ጋ ሂድ።»

ሱሌይማን መሃል ከተማ አሮጌ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ በልጅነቱ የአባቱን ጋሪ ፍቅሬ ሲቀባ ቆሞ ያይ ነበር። አርብ ጠዋት ፍቅሬ የተላጠውን መብራት በጨርቅ ጠቅልሎ ሲሄድ እኔም ተከተልኩት። ሱሌይማን ገልጦ አየና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ሳህኑንም? ጋሽ ፍቅሬ፣ ሳህኑንም ቀባኸው?»

«ባዶ ነበር።»

«ባዶ አይደለም እኮ ጋሼ! እሱ ነው ብርሃኑን ወደ ውጭ የሚወረውረው።» ወደ ሱቁ ጓዳ ወሰደን። እዚያ እስከ ጣሪያው የተከመረ የፊት መብራት ነበር፤ የሁሉም መስታወት የተሰነጠቀ ወይም የረገፈ። «ሰው መስታወቱ ሲሰበር መብራቱን በሙሉ ይጥለዋል። እኔም ውስጡ ያሳዝነኝና እሰበስበዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።» ከክምሩ ውስጥ ሁለት የኮሮላ መብራት አወጣ። ፊታቸው የለም፤ ሳህናቸው ግን እንደ አዲስ ያበራል። «ይኸው። ሠርጉ ሲያልፍ ደግሞ ና፣ የዚህን መስታወት ለዚያ፣ የዚያን ሳህን ለዚህ እያደረግን እናድናቸው። መክፈትና መግጠም ከቻልክ ሰው አገኘሁ ማለት ነው።»

ቅዳሜ በረንዳው ላይ ሥራው እንደገና ተጀመረ። ፍቅሬ ሳህኑን በጋዜጣና በፕላስተር ሸፈነ፤ ነገር ግን የፕላስተሩ ጫፍ ትንሽ ተነሥቶ የሚያብለጨልጨው ሲታይ ብሩሹ ወደዚያ ይሄዳል። እጁ በራሱ ነው የሚሄደው። ፅጌ የወጥ ማማሰያ ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሳህኑን አትንካው!»

«አልነካሁም።»

«ልትነካ ነው። አየሁህ።» ማማሰያዋ ጣቱ ላይ አረፈች።

ፍቅሬ ያን ቀን ሳቀ። በዚያ ግቢ ስኖር ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ማታውን ሲሞክሩት የአጥሩ ቆርቆሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ሆነ። እስራኤል ከመኪናው ሳይወርድ ጥሩንባውን ነፋ፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ።

በዳግማይ ትንሣኤ የሠርጉ መኪኖች ወደ ሐይቁ ሲሄዱ እኔና ፍቅሬ መንገድ ዳር ቆመን ነበር። ኮሮላው ከፊት ነው፤ በጠራራ ፀሐይ መብራቱ በርቶ፣ ዙሪያው ሰማያዊ፣ በመስኮቱ የሚታየው የሚዜዎቹ ቀሚስ ሰማያዊ። ሰዉ ከሙሽራዋ በፊት መኪናውን እያየ ይጠቋቆማል። ሐይቁ ዳር ለፎቶ ሲቆሙ ሞገስ ባጃጁን አቁሞ ወረደ። በድሮ ልማዱ ኮሮላው ፊት አጎነበሰና አፍጥጦ ወደ ውስጥ አየ።

«ፍቅሬ! እዚህ ጋ ራቁቷን ናት!»

«እሷ የምታየው ራቁቷን ስትሆን ነው» አለ ፍቅሬ።

ሞገስ ትንሽ አሰበና ባጃጁን በአገጩ አመለከተ። «እንግዲያው የኔንም ኳላት። ቀይ ይሁን።»

ሰኞ ጉልላት አይሱዙውን ይዞ ደረሰ። ግቢው በር ላይ የሞገስ ባጃጅ ያለ ዓይን ቆማለች፤ በረንዳው ላይ ሱሌይማን የላከው የመብራት ክምር አለ፤ ጎላው ይንፈቀፈቃል።

«እትዬ ፅጌ፣ ዕቃው አልታሰረም እንዴ?»

«ገመድ አጥቼ ነው።»

«ገመድማ መኪናው ላይ ሞልቷል!» አለና ጥቅሉን አውርዶ ሰጣት። ከዚያ ወንድሙን ፈለገ። ፍቅሬ አይሱዙው ፊት ተንበርክኮ በመብራቱ መስታወት ውስጥ ያይ ነበር።

«ጉልላት፣ የዲላን መንገድ በዚህ ነው የምትነዳው? ጠርዙ ዝጓል።»

ጉልላት ወንድሙን አየ፣ በረንዳውን አየ፣ ፅጌን አየ። ተቆጥቶ የሚናገር መስሎኝ ነበር። የተናገረው ግን «ስንት ቀን ይፈጃል?» የሚል ነው።

አይሱዙው ቀለሙ እስኪደርቅ ቆይቶ ባዶውን ወደ ዲላ ተመለሰ፤ ዓይኖቹ አረንጓዴ። ገመዱን ጉልላት ረስቶት ይሁን ትቶት አላውቅም። ፅጌ ከበረንዳው እስከ አጥሩ ወጠረችው፤ እኔ ከዚያ ግቢ እስከወጣሁበት ጊዜ ድረስ ከልብሱ ጋር ጎን ለጎን ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር የመብራት ጠርዝ ይሰጣበት ነበር።