ከጥብስ ትሪው ስር የተደበቀችው የመንገድ መክፈያ

አክስቴ እያልኩ የምጠራት ሉሴያኔ መንገድ ትጠላለች። ሰው እንዴት መንገድ ይጠላል ለሚለኝ፣ ከማውንት ድሩት ተነስቶ ሲድኒን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ሥራ ይግባና እናያለን። እሷና እኔ የምንሠራው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ነው። ሃያ አንድ ዓመት ገንፎ ስታበስል መጀመሪያ የባቡሩ ዋጋ ጨመረ። ተናዳ መኪና ያዘች። ቀጥሎ መኪና ሲያልፍበት የሚያስከፍለው ፈጣን መንገድ፣ የክፍያ መንገዱ፣ ዋጋ ጨመረ። ደግሞ ጨመረ።

"የመጀመሪያውን ሰዓት ተኩል የምሠራው ለመንገዱ ነው" ትላለች። "ለሽማግሌዎቹ ማብሰል የምጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።"

ስለዚህ ሁልጊዜ በነፃው መንገድ ነው የምንሄደው። አርባ ሦስት የትራፊክ መብራት አለበት፤ ሉሴያኔ እያንዳንዱን ትረግማለች።

ደሟን ይበልጥ የሚያፈላው ግን የእህቷ የቪካ ባል ፎኑዋ ነበር። እኛ የቶንጋ ደሴት ሰዎች ዘመድ መኪና ሲጠይቀን እምቢ አንልም። ፎኑዋም ከሥራ ስንመለስ ደጅ ቆሞ ቁልፉን ይቀበላል። መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ መክፈያ መሣሪያ በክፍያ መንገዱ መግቢያ ሁሉ ጢት ትላለች፤ ገንዘቡ የሚቆረጠው ከሉሴያኔ ነው።

"የት ነው የሚሄደው?" አልኳት።

"የት ይሄዳል! ከጓደኞቹ ጋር ተሰብስቦ ያንን የሥር መጠጥ፣ ካቫ፣ ሊጠጣ ነዋ! ቪካ ራሷ ነግራኛለች። እሷ ደከመኝ ብላ ከመዘምራን ከቀረች ሁለት ወሯ፣ እሱ በኔ ገንዘብ ይንፈላሰሳል።"

"ታዲያ አትስጪዋ።"

"የአባቴን ስም ላሰድብ?"

መኪናዋን ሰጠች። መክፈያዋን ግን ነቅላ፣ በፎይል ጠቅልላ፣ ቤቷ ምድጃ ውስጥ ከጥብስ ትሪው ስር ደበቀቻት።

"አሁን በነፃው ይንቀራፈፍ!" ብላ ሳቀች።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ነፃው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦ ሁሉም ቆመ። ኃላፊያችን ሁለት ጊዜ አስጠንቅቋታል፤ ሦስተኛ ካረፈደች የጠዋት ፈረቃዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል። መሪውን በቡጢ መታችው።

"ገንዘቤን ይብሉት! ዛሬስ ይብሉት!" ብላ ወደ ክፍያ መንገዱ ታጠፈች።

መግቢያውን አለፍን። ጢት የሚል ነገር የለም።

"አክስቴ፣ መክፈያዋ…"

"ምድጃ ውስጥ ናት። አንድ ቃል እንዳትናገሪ፣ ሴላ።"

በሰዓቱ ደረስን። የዚያን ቀን ገንፎ ግን ጨው በዛበት።

መክፈያ የሌለውን መኪና ሰሌዳ ካሜራው ያነሳና፣ ቅጣት ተጨምሮበት ደብዳቤ ይመጣል። አንድ ጠብቃ ነበር፤ ሰባት መጣ። መኪናዋ ውስጥ ሆና ፖስታዎቹን ቀድዳ ከፈተቻቸው።

"መክፈያዋ ሳትኖረውም ገብቶበታል! ይሉኝታ የሌለው!"

ተቀብያት አነበብኩ።

"አክስቴ፣ አንዱ የኛ ነው። ስድስቱ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣ ሁሌ አሥር ሰዓት ላይ። የሚወጣውም ሆስፒታሉ ጋ ነው። እዚያ ካቫ የለም።"

ደብዳቤዎቹን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ የፎኑዋ ድምፅ ለእኔም ይሰማ ነበር።

"ቪካ ምን ሆናለች?"

"ኩላሊቷ ነው፤ ደሟ በማሽን ይታጠባል። ለእህቴ አትንገር፣ ካቫ ሊጠጣ ነው የሚሄደው እላታለሁ አለችኝ። ስንሄድ እንዳናረፍድ ብዬ እንጂ፣ ስንመለስማ በነፃው ነው። ከኋላ ትተኛለች፣ እኔ ቀስ ብዬ እነዳለሁ። እከፍልሻለሁ፣ በእውነት።"

 ሉሴያኔ ጮኸችበት።

"አንተ ደደብ! የታመመች እህቴን በአርባ ሦስት መብራት ታንገላታለህ? ስትመለስም በክፍያው ና! ሰማህ?"

ማታውኑ መክፈያዋን ከምድጃው አውጥታ መስታወቱ ላይ ለጠፈቻት።

በማግስቱ ጠዋት፣ የመንገዱ ክፍያ ለቪካ ይሁን ብላ፣ ሁለታችን ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለን በነፃው መንገድ ሄድን። መብራቱ ሁሉ ቀይ ነበር። ሉሴያኔ አንዱንም አልረገመችም።