ዋግ የምታየው ድሮናችን

ከሰፈሬ ከለቡ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። ጭቃው የሻንጣዬን ጎማ ስለያዘው ኤልያስ በትከሻው ተሸክሞ አስፋልቱ ድረስ አደረሰልኝ። ኤልያስ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ላፍቶ፣ ከቀለም ሱቅ በላይ በተከራየናት ክፍል፣ ስንዴ ማሳ ላይ የምትበር ድሮንና ከፎቶዋ ዋግ የት እንደጀመረ የሚለይ ፕሮግራም አብረን ሠርተናል። በሽታውን ገበሬው በዓይኑ ከማየቱ በፊት ታውቃለች! ታዲያ የማብረሪያ ፈቃድ ስንጠይቅ አንዱ ቢሮ «የጸጥታ ጉዳይ ነው» ብሎ ወደ ሌላው ይልከናል፤ ሌላውም መልሶ ወደ መጀመሪያው። በመጨረሻ እኔ ጀርመን ሥራ አገኘሁ፣ እሱ ቀረ። ታክሲው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ አጎንብሶ፣ «አደራ፣ ፕሮግራሙን ለማንም እንዳትሰጪ» አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ቦሌ ላይ ፈታሹ ላፕቶፔን አስከፍቶ የማሳ ፎቶ አገኘ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስንዴ ነው።»

«ስንዴ ለምን ከላይ ይነሳል?»

ማሳው ሰፊ ስለሆነ ነው አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና አሳለፈኝ።

ጥርጣሬን አገሬ ጥዬው የመጣሁ መስሎኝ ነበር። እዚህ ጀርመን ደግሞ በአክብሮት ይጠረጥሯችኋል። የውጭ ዜጎች ቢሮ፣ እነሱ አውስለንደርበሆርደ የሚሉት፣ አንዲት ሴትዮ ፋይሌን ገልጣ በአንቱታ ጀመረች።

«ድሮን ሠርተዋል። ለጦር ሠራዊት?»

«ለስንዴ።»

«ስንዴው የማን ነው?»

«የገበሬው።»

ጻፈችው። ምን ብላ እንደጻፈች እስከ ዛሬ አላውቅም። አከራዬ ፍራው ቤከር ደግሞ እናቴ የላከችልኝን በርበሬ በጣቷ ነክታ «ኬሚካል ነው?» አለችኝ። ቀምሰው ይዩት አልኳት፤ ቀመሰች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። እኔም በዚያ ድንጋይ በመሰለ ዳቧቸው በርበሬዬን እያጠቀስኩ ብቻዬን በላሁ።

መሥሪያ ቤቴ ውስጥ በእኔ ካርድ የማይከፈት በር አለ። አንድ ቀን አለቃዬ የሥራ ማመልከቻዬን ይዞ ጠራኝና፣ «ያንን የስንዴ ፕሮግራም ለምን አታሳዪንም?» አለኝ። «ዛሬ አገር ከአገር የሚቀዳደመው በዚህ ነው። ከዘገየን ሌላው ይቀድመናል።»

«የእኔ ብቻ አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ከማን ጋር ነው?»

ሳላስበው የኤልያስን ስም ተናገርኩ። የእነሱን እንዳላይ በር ይዘጉብኛል፤ የእኔን ግን ክፈቺ ይሉኛል፣ እያልኩ ስብሰለሰል ስሙን አሳልፌ መስጠቴን ልብ አላልኩትም።

በሳምንቱ ኤልያስ ደወለ። ሰላምታም አላስቀደመ።

«ስሜን ማን ነገራቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ፕሮግራሙንስ ሰጥተሻቸዋል?»

«እናቴን! አልሰጠሁም!»

 እንዳላመነኝ ከትንፋሹ አወቅሁ። ቢሆንም በለሰለሰ ድምፅ፣ «ደብዳቤ ጽፈውልኛል። ከነፕሮግራሙ ና፣ ቪዛህን እንጨርሳለን ይላሉ። እዚህ ፈቃዱ አሁንም አልወጣም። ብሰጣቸው ምን ትያለሽ?» አለኝ።

አትስጣቸው ልለው አፌን ከፈትኩ። እኔ ራሴ ጥዬው የመጣሁ፣ የእነሱን እንጀራ የምበላ ሰው፣ በምን አፌ?

«አላውቅም» አልኩት።

«እሺ» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ደውያለሁ፤ ይጠራል፣ አያነሳም። አለቃዬ ደግሞ ሰሞኑን ስለ ፕሮግራሙ መጠየቅ ትቷል።