ጌሾው ላይ የወጣችው ሐረግ

ፍኖተ ሰላም፣ አንድ ጁስ ቤት በር ላይ፣ አንዲት ልጅ ፓሽን ፍሩት ለሁለት ስትገምስ ሽታው መጥቶ ያዘኝ። ጎምዘዝ ያለ፣ ግን ጣፋጭ፣ አፍን በምራቅ የሚሞላ ሽታ ነው። ከሰፌዱ ላይ ለስላሳና የሚያብረቀርቀውን መምረጥ ስጀምር ልጅቱ፣ «እሱ አልበሰለም እኮ እትየ፤ የተጨማደደውን ይውሰዱ» አለችኝ።

ልጅቱ ምንም አላጠፋችም፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ይህችን የምታህል ነገር ያን ጊዜ የሚነግረን ሰው እንዴት ይጠፋል?

ልጅ ሆኜ ቡሬ ሳለን፣ እናቴ የዚህችን ፍሬ ችግኝ ያገኘችው ከልማት ሠራተኛው ነበር። ዳስ እንድትሠራላት፣ ውኃ እንዳታበዛባት መከራት። ፍሬው መቼ እንደሚበላ ግን አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችው። ፍሬ ሲያምር ይበላል፣ ሲጨማደድ ይጣላል፤ ሌላ ምን ይጠየቃል? ሐረጓ ግን ዳሱን ትታ የአባቴ ጌሾ ላይ ወጣች። ነጭና ሐምራዊ አበባዋን ዘርግታ ንብ ስትሰበስብ እናቴ ሥራዋን ትታ ታያት ነበር። አባቴ በበኩሉ ጌሾየን አነቀችብኝ እያለ ሲያጉረመርም ከረመ። በመጨረሻም፣ ፍሬዋ ለሰው የሚረባ ከሆነ ትቆይ፣ ካልሆነ እቆርጣታለሁ ብሎ ቁርጡን ነገራት።

በዚያ ወር የማርያም ማኅበር ተረኛዋ እናቴ ነበረች። ማኅበርተኛው ሳይቀምሰው ማንም አይነካውም ብላ እኛንም ከለከለችን። በዋዜማው አብረን ለቀምን፤ ወፈር ያለውንና የሚያብረቀርቀውን ለሰፌዱ፣ መሬት የወደቀውንና የተጨማደደውን ለበጎቹ። በጎቹ ከነልጣጩ ሲያደቁት ግቢው በዚያ ሽታ ተሞላ። እንዲያም ሆኖ ለአንዳችንም ነገሩ አልገባንም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

በማግስቱ ማኅበርተኛው ፍሬውን አፉ ሲያደርግ የሁሉም ፊት ተኮማተረ። አንዲት ሴት በነጠላዋ ተከልላ ተፋችው። የንስሐ አባታችን እንደ ምንም ዋጡትና፣ «ለመድኃኒት የሚሆን ነው፤ እግዜር ይስጥልን» አሉ። ሰው ሳቀ። እናቴ ሰፌዱን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ሲነጋ አባቴ ማጭዱን ይዞ ወጣ፤ እሷም ከጓዳው ብቅ አላለችም።

እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ከጁስ ቤቱ የተጨማደደውን አስመርጬ ወደ ቡሬ፣ አባቴ ዘንድ ተሳፈርኩ። እውነቱን ለመናገር ለጠብ ነበር የሄድኩት። ያችን ሐረግ በከንቱ እንደ ቆረጣት ከራሱ አፍ መስማት ፈልጌ ነበር።

አባቴ አንዱን በማንኪያ ጠርጎ በላው። «ይኸስ ማር ነው» አለ። «የኛዋ ሌላ ዘር ነበረች።»

«ያችው ናት፣ አባየ። ሲጨማደድ ነበር የሚበላው።»

ባዶውን ልጣጭ በጣቱ አገላበጠው። ይቅርታ እስኪወጣው ጠበቅኩ።

«እናትሽ እንዲህ በስሎ ቀምሳው ታውቃለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

አታውቅም።

«አዎ» አልኩት።