ጅራቱ የወጣበት መታጠፊያ

በኤሌክትሪክ የጭነት መኪና ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ አየር ጤና ባለው ግቢያችን፣ አለቃዬ ኢንጂነር ሰላም መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ እንድወርድ አዘዘችኝ። ወርጄ ሳይ የኋላ ጎማውም ታጥፏል፤ ያውም ከፊቱ በተቃራኒ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ይሄ ነገር ተሰብሯል» አልኳት።

«አልተሰበረም ጋሼ። ቀስ ብለው ሲነዱ የፊቱ ወደ ቀኝ ከዞረ የኋላው ወደ ግራ ይዞራል። በጠባብ ቦታ የሚዞረው ለዚህ ነው።»

የኋላው ጎማ እንዳይታጠፍ ዘግታ አዞረችኝ፤ ግቢው አልበቃኝም። መልሳ ከፍታ አዞረችኝ፤ በአንድ ዙር ወጣሁ። ደስ ይላል፣ ግን አላመንኩትም። ድምፅ የለው፣ ንዝረት የለው፤ ግራ እግሬ ዝም ብሎ የሌለ ፍሪሲዮን ይፈልጋል። የሙከራ ጊዜዬ አንድ ወር ነበር። አንድ ነገር ብነካ መሰናበቴ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?

በሁለተኛው ሳምንት ቤቴል ላለ ክሊኒክ አልጋ ጫንኩ። ወደ ክሊኒኩ የሚያስገባው ቅያስ ጠባብ ስለሆነ በድሮው የናፍጣ መኪናዬ አፉ ላይ ቆመን በሸክም ነበር የምናስገባው።

እኛ የናፍጣ ሾፌሮች ወደ ቀኝ ስንታጠፍ መጀመሪያ ወደ ግራ ሰፋ እናደርጋለን። ከዚያ ዓይናችን ከቀኙ ስፖኪዮ አይነቀልም፤ የኋላ ጎማው ጥጉን እንዳይበላ። እኔም የግራውን ጠርዝ ታክኬ ጠመዘዝኩ። ጥጉን ንክች አላደረግኩም። «ጎበዝ!» አልኩ ለራሴ።

«ኧረ ጨረሰኝ! አቁም!» የሚል ጩኸት ከግራ መጣ።

ስወርድ የመኪናው ጅራት ወደ ግራ ወጥቶ የአንዲት ጉሊት ቸርቻሪ ጃንጥላ ደፍጥጧል። እትዬ ብርቄ ይባላሉ። ዘለው ባይነሱ ኖሮ እሳቸውን ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓይን የለህም?»

«ይቅርታ እትዬ፣ በቀኝ በኩል እያየሁ ነበር።»

«እኔ ያለሁት በግራ ነዋ!»

መኪናው ጭረት የለውም፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም። ግን ነገም በዚያው ነው የማልፈው። ግቢ ተመልሼ ለኢንጂነር ሰላም ነገርኳት፤ ቁልፉንም ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ።

«ጥፋቱ የእኔም ነው፤ የሚዞርበትን እንጂ ጅራቱ የሚወጣበትን አላሳየሁዎትም» አለች። በመኪናው ግራ ጎን መሬቱ ላይ በጠመኔ አሰመርንና ቀስ ብዬ አዞርኩ። ጅራቱ መስመሩን አንድ ክንድ ያህል አለፈ። ቁልፉን መለሰችልኝ። «ነገ ለሌሎቹ ሾፌሮች እርስዎ ያሳዩልኝ።»

ለእትዬ ብርቄ አዲስ ጃንጥላ ገዛሁላቸው። ይቅር ብለውኛል፤ ግን እስከ ዛሬ መኪናዬን ሲያዩ ዕቃቸውን ትተው ይነሳሉ። አልፈርድባቸውም።

የኋላ ጎማው የሚታጠፍ መኪና ስትነዳ ሰፋ አታድርግ። ወደ ቀኝ ከመታጠፍህ በፊት የግራህን ስፖኪዮ እይ፤ ሰው ያለው እዚያ ነው።